ስሙን አልጠየቅኩም ነበር

የደሴታችንን ታሪክ የሚሰበስብ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ስንጀምር አምስት ነበርን። አንድ ክፍል፣ አንድ መደርደሪያና አንድ ስካነር ነበረን። «ያላችሁን አሮጌ ፎቶና ሰነድ አምጡልን» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍንና ወራት ጠበቅን። የመጣው ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ባለቤቶቹ ሊጥሉት ያሰቡት ነበር።

አንድ ቀን አንዲት አዛውንት ባለቤታቸው ከጀልባ አጠገብ ቆመው የተነሡትን ፎቶ ከነመስታወቱ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። «ልጄ፣ ሌላ የለኝም፤ አደራ» አሉኝ። ስካን ለማድረግ ከፍሬሙ ማውጣት አለብኝ ብዬ ጀርባውን ከፈትኩት። አንዱ ጥግ መስታወቱን ይዟል። በጣቴ ቀስ አድርጌ ሳብኩት። ቀጭን የመላጥ ድምፅ ሰማሁ፤ የሰውየው ግንባርና አንድ ዐይን መስታወቱ ላይ ቀረ።

እንዲህ ያለ ፎቶ በጭራሽ እንደማይላቀቅ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የአብዛኛውን የድሮ ፎቶ ምስል የሚይዘው የጄላቲን ንጣፍ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የባሕር አየር ደግሞ ጨው ይሸከማል፣ ጨው እርጥበት ይስባል። መፍትሔው ከነመስታወቱ መተው ነው፤ ብርሃኑን ከሁለት ጎን በሰያፍ አብርቶ፣ ነጸብራቅ እንዳይኖረው አድርጎ በካሜራ ማንሣት ይበቃል።

ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ፊቱንስ እኔ አልረሳውም። አንተ ግን ስሙን እንኳ አልጠየቅኸኝም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። መዝገባችን ላይ የጻፍኩት «ሰው ከጀልባ ጋር» ብዬ ነበር። የቀደደው እጄ አሳፍሮኝ ነበር፤ ይህ ግን የባሰ ሆነብኝ። የተቀደደ ፎቶ ግማሹ ይተርፋል፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ካለፈ በኋላ ግን ሰውየው ማንም ይሆናል። ያን ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ ስሙን፣ ጀልባውን ማን እንደሠራው፣ ፎቶውን ማን እንዳነሣ ጻፍኩ።

«አምጡልን» ማለቱን ተውነው። ሁለት ሁለት እየሆንን ካሜራ፣ መብራትና መቅረጫ ይዘን እኛው ወደ ሰው ቤት መሄድ ጀመርን። ፎቶው ባለቤቱ እያየ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይነሣል፤ ከቤት የሚወጣ ነገር የለም። በሳምንቱ ታትሞ እንመልሳለን። ትልቁ ነገር የተገኘው ከዚህ ሁለተኛ ጉብኝት ነው። የታተመው ፎቶ ሲዘረጋ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ «ይቺ እኮ እገሌ ናት» «አይደለችም፣ እኅቷ ናት» ይባላል፣ እኛ እንጽፋለን። ኦሪጅናሉ ላይ መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባው፣ ጠርዙ ላይ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም ሊያልፍና ምስሉን ሊያበላሽ ይችላል።

ድምፅ ስንቀርጽ ደግሞ መጀመሪያ የምንጠይቀው ፈቃድ ነው። ማን ይስማው? መቼ? አንዳንዱ ተናግሮ ሲያድር ይቆጨዋል፤ «ያንን አጥፉልኝ» ሲለን እናጠፋለታለን። ታሪክ ጎደለ ብለው የተከራከሩኝ ባልደረቦች አሉ። እኔ ግን ሰው ያመነንን ያህል ብቻ ነው የሚነግረን ብዬ አምናለሁ።

እንደገና ብጀምር የማስቀድመው የቦታ ስሞችን ነው። ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ያለችው የሴንት ኪልዳ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1930 የመጨረሻዎቹ 36 ነዋሪዎቿ ራሳቸው ጠይቀው ለቀው ወጡ። ቤቶቹ ዛሬም ቆመዋል፤ የዓለቱን ሁሉ ስም አፉ ላይ ይዞ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ግን የለም። ይህን ሳስብ ትልቅ ካርታ አሳተምንና ዓሣ አጥማጆቹን ጠራን። በአንድ ዓለት ስም ላይ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራከሩ። በሰሜን በኩል የሚቀዝፉት አንድ ስም፣ በደቡብ የሚቀዝፉት ሌላ ስም አላቸው። ሁለቱንም ጻፍን፤ የማን እንደሆነም ጨምረን።

ስለ ቅጂ ባጭሩ ልበል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ የግድ ከባሕሩ ማዶ። በደቡብ አትላንቲክ ያለችው የትሪስታን ዳ ኩንያ ደሴት ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በአንድ ጊዜ ወጥተዋል፤ አብዛኞቹ በ1963 ተመለሱ። ደሴት እንዲህ በድንገት ባዶ ልትሆን ትችላለች። የይለፍ ቃልም በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም። የእኛን የያዘው ባልደረባ ለሥራ ርቆ ሲሄድ የራሳችንን ማኅደር ከፍተን ማየት አቅቶን ከርመናል።

የተቀደደውን ፎቶ መስታወቱንና ወረቀቱን ለየብቻ አንሥቼ በኮምፒውተር አገጣጠምኳቸው። ስፌቱ ትንሽ ይታያል። አሳትሜ ስወስድላቸው ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱና በብርሃን አዩት። ከዚያ ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና እርሳስ እንዳወጣ አዘዙኝ። የባለቤታቸውን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ፊደል በፊደል እያረሙ አስጻፉኝ።