ወንድሟን ያላየችው ልጅ

በአኒሜ፣ ማለትም በጃፓን የካርቱን ፊልም ስልት በሚሣል ፊት ላይ አፍንጫ በአንዲት አጭር መስመር፣ አፍም እንዲሁ በቀጭን መስመር ስለሚታለፍ፣ የገጸ ባሕርይውን ስሜት በአብዛኛው የሚሸከመው ዓይን ነው። ይህን ስልት በማንጋው (በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ያስፋፋው ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ ትልልቅ ዓይኖችን ከዲዝኒ የካርቱን ፊልሞች እንደቀሰመ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ተከታታይ ፊልም ሲጀምርም፣ በጀቱ ለብዙ ሥዕል የሚበቃ ስላልነበረ፣ ፊቱን ባለበት አቁሞ ዓይንና አፍን ብቻ ማንቀሳቀስ የተለመደ አሠራር ሆነ። ስለዚህ ዓይኑ ከተበላሸ ሌላው የፊት ክፍል አያካክሰውም። በሥራ ቦታችን ያጋጠመን ነገር ይህንኑ በግልጽ ያሳየ በመሆኑ፣ በዲጂታል ለሚሥሉ ወጣቶች ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራበት ስቱዲዮ ለሕፃናት የሚሆን ባለ ሥዕል መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ታዞ ነበር። ደራሲዋ በጡረታ ላይ የሚገኙ መምህርት ሲሆኑ፣ ልጆች በቴሌቪዥንና በስልክ የለመዱትን የአኒሜ መልክ የመረጡትም እርሳቸው ናቸው። የታሪኩ ዋና ገጽ፣ ታላቅ እህት ትምህርት ሊጀምር ለተቃረበው ትንሽ ወንድሟ የመጀመሪያ ደብተሩን መስኮት አጠገብ ስትሰጠው የሚያሳይ ነው። ሥዕሉን የሠራችው ወጣት ባልደረባችን እጇ የተባ፣ ለሥራዋም የምትጨነቅ ናት፤ ቀሚሱም፣ ሹሩባውም፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃንም አምሮ ነበር። መምህርቷ ግን ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እጃችሁ ይባረክ፤ ግን ይህች ልጅ ወንድሟን አላየችውም። ማንን ነው የምታየው?» አሉን።

መጀመሪያ ዓይኖቹ ይበልጥ ይተልቁ፣ ነጸብራቅም ይጨመርባቸው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ተጨምሮ ሲታይ ልጅቷ እንባ ያቀረረች መሰለች እንጂ ወደ ወንድሟ አልተመለከተችም። በኋላ ፋይሉን ከፍተን ዓይኖቹን አጉልተን ስናያቸው ምክንያቱ ተገኘ፤ አንደኛው ዓይን ኮፒ ከተደረገ በኋላ ፍሊፕ ተደርጎ (እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ) በሌላው ቦታ ተቀምጧል። ፊት ለፊት ለሚያይ ገጸ ባሕርይ ይህ ጊዜ የሚቆጥብ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ክሊፕ ስቱዲዮም ሆነ በነፃ የሚገኘው ክሪታ የተባሉት የሥዕል ፕሮግራሞች ለዚሁ የሚያገለግል፣ አንዱ ጎን ሲሣል ሌላውን የሚደግም የሲሜትሪ መሣሪያ አላቸው። ጎን ዞር ባለ ፊት ላይ ግን ከእኛ የራቀው ዓይን ጠበብ ማለት ሲገባው ከቅርቡ ጋር እኩል ይሆናል፤ በአንደኛው ዓይን በግራ በኩል ያረፈው የብርሃን ነጥብም በሌላው በቀኝ በኩል ስለሚወጣ ክፍሉ ሁለት መስኮት ያለው ይመስላል። ከሁሉም የከፋው የአስተያየቷ ጉዳይ ነው። አንዱ ብሌን ወደ ወንድሟ ሲያዘነብል የተገለበጠው ወደ ተቃራኒው ስለሚሄድ፣ ባልደረባችን ልጅቷ ሸውራራ እንዳትመስል ብላ ሁለቱንም ብሌኖች መሐል ላይ አቁማቸዋለች። ልጅቷ የምታየው አንባቢውን ነበር።

ብሌኖቹን ብቻ ወደ ጎን ለመግፋት ብትሞክርም አልሆነላትም። ፋይሉ ከብዶ ሴቭ ለማድረግ ስለሚዘገይና መብራት ድንገት ቢሄድ ሥራው እንዳይጠፋባት ስለሰጋች የዓይኑን ሌየሮች (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረቡ የሥዕሉን ንብርብሮች) በሙሉ አዋሕዳቸው ነበር። ስጋቷ ተገቢ ነው፤ መብራት ሄዶ የግማሽ ቀን ልፋቱን ያጣ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ነጩ፣ ባለ ቀለሙ ክብ፣ ጥላውና ነጸብራቁ በአንድ ሌየር ላይ ካሉ፣ ብሌኑ ከቦታው ሲነሣ ሥሩ ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እርሷ ዓይኖቹን እንደ አዲስ ሠራቻቸው። በቅድሚያ ነጩን ክፍል በራሱ ሌየር ላይ ሞላች፤ የራቀው ዓይን ቁመቱን ሳይለቅ ስፋቱ ቀነሰ። ከነጩ በላይ የሚመጡትን ሌየሮች በክሊፒንግ ስላሰረቻቸው ቀለሙ ከዓይኑ ቅርጽ አይወጣም፤ ብሌኑም ወደፈለገችው አቅጣጫ መንሸራተት ቻለ። ባለ ቀለሙን ክብ በራቀው ዓይን ላይ ወደ ቆመ ሞላላ ለወጠችው፤ የላይኛው ቆብም የክቡን ጫፍ እንዲሸፍን አደረገች፤ ክቡ ዙሪያውን በነጭ ተከቦ ሙሉ በሙሉ ከታየ ልጅቷ የደነገጠች ትመስላለችና። ከቆቡ ሥር ከታቹ ያለውን ቀለም በሚያጠቁር በመልቲፕላይ ሌየር ለስላሳ ጥላ በነጩም በክቡም ላይ አሳለፈች። ዓይን ፊት ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ውስጥ የተቀመጠ የሚመስለው በዚህ ጥላ ነው።

ቀለሙ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየን። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ብዙ ማስተማሪያዎች የሚያሳዩት ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ዓይን በመሆኑ ጥቁሩ ብሌን በቀላሉ ይለያል፤ እንደ ልጆቻችን ባለ ጥቁር ቡናማ ዓይን ላይ ግን ብሌኑና ዙሪያው ተዋሕደው አንድ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። ላይኛውን ግማሽ ጥቁር ቡናማ እንደሆነ ትታ፣ የታችኛውን ጠርዝ ወደ ማር በሚጠጋ ቀይ ቡናማ ስታቀልመው፣ ከላይ የገባ ብርሃን የክቡን ታችኛ ክፍል ያበራው ይመስል፣ ዓይኑ ቀለሙን ሳይለቅ ጥልቀት አገኘ። በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው፤ የአገራችን ሕፃናት ራሳቸውን በሚያዩበት መጽሐፍ ውስጥ ቡናማው ያስቸግራል ተብሎ በሰማያዊ መተካት የለበትም።

የብርሃን ነጥቡ የመጨረሻው ሥራ ነው። በሁለቱም ዓይኖች ላይ በመስኮቱ በኩል፣ የብሌኑን ጠርዝ በጥቂቱ ነክቶ፣ በራሱ ሌየር ላይ ተቀመጠ። ከዚያም ሁለቱን ብሌኖች ወደ ወንድሟ አንሸራትታ ካንቫሱን (ሙሉውን ሥዕል) ፍሊፕ አድርጋ ተመለከተችው፤ ሠዓሊ ሥዕሉን ሲያየው ስለሚውል የለመደውን መዛነፍ የሚያስተውለው ሲገለበጥ ነው። አንደኛው ዓይን ከሌላው ከፍ ብሎ ተገኘና ዝቅ አደረገችው። የወንድሟንም ዓይኖች በዚሁ መንገድ ሠራቻቸው።

መምህርቷ በማግስቱ መጥተው ሲያዩት «አሁን አየችው» አሉ፤ ወዲያውም ልጁ ደብተሩን ከሚያይ እህቱን ቢያይ እንደሚሻል ነገሩን፤ ሌየሮቹ ተለያይተው ስለነበር እርሳቸው እዚያው ተቀምጠው ሳሉ ተስተካከለ። ገጸ ባሕርያቱ በሚተያዩባቸው ሌሎች ገጾች ላይ ያሉት ዓይኖች እንደገና ሲሠሩ፣ ፊት ለፊት የሚያዩት የብርሃን ነጥባቸው ብቻ ታርሞ ታለፉ። ከዚያ ወዲህ በስቱዲዮው ሌየር የሚዋሐደው በኮፒ ፋይል ላይ ብቻ ነው፤ ለመብራቱም ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ፣ ተገዝቷል።