ቅጠሉን ቀድሜ ብሰበስብ ኖሮ

የዩኒቨርሲቲያችንን ካፌ ትርፍራፊ ወደ ኮምፖስት፣ ማለትም ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ፣ ለመቀየር ስነሳ የፈራሁት ተማሪውን ነበር። ምግብና ፕላስቲክ ለይቶ አይጥልም ብዬ። ያቃጠለኝ ግን ደረቅ ቅጠል ነው።

ቀላሉን ላሳጥረው። ከካፌው ጀርባ ጥላ ያለው ቦታ አገኘን። ከጣውላ ሦስት ሳጥን ሠራን፤ ቁመቱም ጎኑም አንድ ሜትር ገደማ። ከዚያ ካነሰ ክምሩ ሙቀት አይዝም። የወጥ ቤት ሠራተኞችም ልጣጩንና ትርፍራፊውን ለብቻ ለማስቀመጥ ተስማሙ።

ከዚያ ትርፍራፊው መጣ። በየቀኑ፣ ባልዲ በባልዲ፣ ውሃው እየተንጠፈጠፈ።

ኮምፖስት የሚሠሩት ጥቃቅን ተህዋስያን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ። የምግብ ትርፍራፊ ናይትሮጅንም ውሃም ይበዛበታል። ካርቦኑ ያለው ደረቅ ቅጠል፣ ሰጋቱራና ገለባ ውስጥ ነው። ይህን አንብቤዋለሁ። አንብቤም «ግቢው ሙሉ ዛፍ ነው፣ ቅጠል የት ይሄዳል?» ብዬ ተውኩት።

የት እንደሚሄድማ አየሁት። ጠዋት ጠዋት ተጠርጎ አጥር ሥር ይቃጠላል። ለእኛ ይሰጠን ብል «ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። አመጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሳምንቱ ስመለስ «ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል» አሉኝ። እዚያ ስሄድ ደግሞ ቅጠሉ የግቢው ንብረት ስለሆነ የንብረት ክፍል ይፈርምበት ተባለ። ንብረት! በየቀኑ ክብሪት የሚጫርበት ንብረት። ጸሐፊዋ «ግልባጭ ይዘሃል?» ስትለኝ ጭሱ ከጀርባዋ በመስኮት ይታየኝ ነበር።

ክምሩ ግን ፊርማ አይጠብቅም። በአሥረኛው ቀን ከተትረፈረፈው ናይትሮጅን የሚወጣው ጋዝ፣ አሞኒያው፣ ዓይን ማቃጠል ጀመረ። ቀጥሎ የተበላሸ እንቁላል ሽታ መጣ፤ አየር አጥቷል ማለት ነው። አየር ያጣ ክምር ሜቴን የሚባል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። ከቆሻሻ መጣያ እንዳይወጣ ብለን የተነሳንበትን ጋዝ እኛው ካፌ ጀርባ እያመረትን ነበር። አካፋ ስሰድበት እንደ ጭቃ ተጣብቆ ወጣ። ከሥሩ ጥቁር ውሃ ይንጠባጠባል። የዝንቡን ነገር ተዉት።

ቅጠል ለመፍቀድ ሦስት ሳምንት ያልበቃው ቢሮ፣ «ሽታውን ባስቸኳይ አንሳ» የሚለውን ደብዳቤ በአንድ ቀን አደረሰኝ።

ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው። ትርፍራፊውን መቀበል ማቆም እችል ነበር። «ጀምሮ ተወው» መባልን ፈርቼ በእልህ ስከምር ከረምኩ።

ያዳኑኝ አንድ አዛውንት አትክልተኛ ናቸው። አፍንጫቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉና «ልጄ፣ ቅጠል ፈልገህ ነው? ታዲያ ለእኔ አትነግረኝም?» አሉኝ። በማግሥቱ ጠዋት ሰባት ጆንያ ቅጠል ሳጥኑን ተደግፎ ቆሞ አገኘሁ። ክምሩን ገለበጥነው። ለአንድ ባልዲ ትርፍራፊ ሦስት ባልዲ ቅጠል እያደረግን ደረብነው። በእጅ ስንጨምቀው ጠብታ ሁለት ጠብታ ብቻ እስኪወጣው ድረስ። በአራተኛው ቀን ቴርሞሜትሩ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳየ። ከ55 በላይ ሆኖ ለቀናት ከቆየ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ተህዋስያንና የአረም ዘሮች ይሞታሉ። ሽታው ያለቀው ግን ከዚያም በፊት ነው።

መመሪያዎቹ «መጀመሪያ ኮሚቴ አቋቁሙ» ይላሉ። እኔ ጆንያ ግዙ እላለሁ። የሁለት ወር ደረቅ ቅጠል ዝናብ በማያገኘው ቦታ ሳትቆልሉ አንድ ባልዲ ትርፍራፊ እንዳትቀበሉ። ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት መጥረጊያ ከያዘው ሰው ጋር ተነጋገሩ። ባለ ሦስት ቀለም የቆሻሻ ቅርጫትም ለፎቶ ነው የሚያምረው፤ ሳህን መመለሻው ጋ የሚቆም አንድ ሰው ይበልጣል።

የቅጠሉ ፈቃድ በመጨረሻ መጥቷል፤ ማኅተም ያረፈበት፣ ከነግልባጩ። የመጀመሪያውን ኮምፖስት ነፍተን አበባ መደቡ ላይ ከበተንን በኋላ። ወረቀትም ካርቦን ነው። ቀዳድጄ ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።