ከትምህርት ቤት መልስ ምን በላህ?

ለተማሪዎች የጥርስ ምርመራ ስንወጣ በምንይዘው ቅጽ ላይ «በቀን ስንት ጊዜ ጥርስህን ትቦርሻለህ?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ የትም ብንሄድ አንድ ነው። «ሁለት ጊዜ! ጠዋትና ማታ!» ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ። ልጆቹ መዋሸታቸው አይደለም። ክፍል ውስጥ ተምረውታል፣ ፈተና ላይም ይመጣል፤ የተማሩትን ይመልሳሉ። አፋቸውን ሲከፍቱ የምናየው ግን ሌላ ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ የጤና ጣቢያ የጥርስ ክፍል ነው። ይህ የምነግራችሁ ገጠመኝ የደረሰው መርካቶ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አብረውኝ የወጡት ሁላችንም ሲስተር የምንላቸው፣ ጡረታቸው የተቃረበ ነርስ ነበሩ።

የ3ኛ ክፍል መምህርት አንድ ልጅ በእጇ ይዛ ከሰልፉ ቀድማ አመጣችው። «ይሄ ልጅ አስቸግሮኛል» አለችን። «ክፍል ውስጥ ይተኛል። ምሳውንም አይጨርስም።» በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባ አለ፤ ቁርስና ምሳ። እዚያ ሰፈር ምሳውን የሚያስተርፍ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ይሄኛው ግን እንጀራውን በግራ በኩል ብቻ ቀስ እያለ ሲያላምጥ ሰዓቱ ያልቅበታል። መጋቢ እናቶቹም አስተውለውት ነበር።

አፉን ሲከፍት ጠረኑ ቀድሞ መጣ። በቀኝ በኩል ከታች ያለው የመጨረሻ መንጋጋ መሃሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። ከሥሩ ድዱ ላይ ምስር የምታክል መግል የቋጠረች እብጠት አለች። በጣት ጫፍ ነካ ሳደርጋት ልጁ ትከሻውን ሰበቀ እንጂ ድምፅ አላወጣም። ለምዶታል። ሌሊት እንደሚያመውና እናቱ ቅርንፉድ እንደምታስነክሰው ነገረን። ክፍል ውስጥ የሚተኛው ሌሊቱን ስለማይተኛ ነው። መምህርቷ ይህን ስትሰማ ወዲያው ጎንበስ ብላ ራሱን ዳበሰችው።

ሲስተር ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ና እስቲ የኔ ልጅ፣ አጠገቤ ተቀመጥ። ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣህ በኋላ እስክትተኛ ድረስ ምን ምን በላህ?»

መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ እየተፍታታ መጣ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቤት አይሄድም፤ እናቱ ጉሊት ወደምትቸረችርበት ነው የሚሄደው። ታላቅ ወንድሙ ሱቅ በደረቴ ይዞ በዚያው ይዞራል። ሲርበው ወንድሙ ከረሜላ ይሰጠዋል።

«ስንት ትበላለህ?»

«አንድ አንድ። አፌ ውስጥ ካለ አይርበኝም።»

እናቱ ዕቃዋን የምትሰበስበው ከመሸ በኋላ ነው። ቤት ሲገቡ ዳቦ በሻይ፣ ሻዩም ስኳሩ ጠና ያለ። ከዚያ መኝታ። ታናሽ እህቱ እንዳታለቅስ እሷም ከረሜላ ይዛ ነው የምትተኛው።

እኔ በዚህ ሥራ ስቆይ ስለ ከረሜላ ብዙ ሰምቻለሁ። ረሃብ ማስታገሻ መሆኑን እንዲህ ፊት ለፊት የነገረኝ ግን ይህ ልጅ ነው። ሲስተር ያንኑ ጥያቄ ለቀጣዮቹም ልጆች አቀረቡ። ከበር ላይ ጀላቲ። ማስቲካ። በጎረቤት ሱቅ ዱቤ የተወሰደ ብስኩት። አሁንም ሻይ በዳቦ። አንድም ልጅ በአንድ ድምፅ የሚባል መልስ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ የራሱን ምሽት ነው የነገረን። ይህን ከሰማን በኋላ የማንን ወላጅ ቀድመን ማነጋገር እንዳለብን ለማወቅ አልተቸገርንም።

እዚህ ላይ ለወላጅ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ድግግሞሹም ነው። ጣፋጭ አፍ ውስጥ በገባ ቁጥር እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ይቀይሩታል። አሲዱ የጥርሱን ውጫዊ ሽፋን ያሳሳል። ምራቅ ደግሞ የተጎዳውን ይጠግናል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ። ልጁ በየመሃሉ አንድ ከረሜላ የሚጨምር ከሆነ ምራቁ ፋታ አያገኝም። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ከረሜላ ይዞ መተኛት ከሁሉም ይብሳል። አምስት ከረሜላ ከምሳ በኋላ በአንዴ የበላ ልጅ፣ አምስቱን ሲመጥ ካመሸው ልጅ ይሻላል።

በማግስቱ እናትየው ጤና ጣቢያ መጣች። ልጇን ይዛ፣ ትንሿን አዝላ። እብጠቱን አሳየኋት፤ ጥርሱ መነቀል እንዳለበትም ነገርኳት። አልደነገጠችም። «ይነቀል ዶክተር። የወተት ጥርስ አይደል? ይተካለታል።»

ይህችን ንግግር ከስንት ወላጅ ሰምቻለሁ! ከተማረውም ካልተማረውም። ያ መንጋጋ የወተት ጥርስ አይደለም። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ፣ ከላይም ከታችም በሁለቱም በኩል አንዳንድ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ለእነዚህ አራት ጥርሶች ቦታ ለመልቀቅ የሚወልቅ ጥርስ የለም። ጣሪያ ላይ የሚወረወር ነገር ስለሌለ ቤተሰቡ መብቀላቸውንም አያውቅም። ዕድሜ ልክ እንዲያገለግሉ የመጡ ናቸው። ልጁ ገና በደንብ መቦረሽ በማይችልበት ዕድሜ፣ ብሩሽ በማይደርስበት ጥግ ስለሚበቅሉ ቀድመው የሚበሉትም እነሱ ናቸው። መስታወት ይዤ አንድ በአንድ አሳየኋት። ያን ጊዜ ነው ዓይኗ እንባ ያቀረረው።

«ከረሜላ ደግ እንዳልሆነ አጥቼው አይደለም» አለች። «እስክሸጥ ድረስ ምን ልስጠው ታዲያ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይኖረን «ጣፋጭ አትስጪው» ብሎ መሸኘት ለኔ ሕክምና አይደለም። ሲስተር ጉሊቷ ላይ ምን እንደምትሸጥ ጠየቋት። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቃሪያ።

«የተሰበረ ካሮት አይኖርሽም?»

«ይኖራል እናቴ። እሱንማ ማን ይገዛኛል?»

«በይ እሱን እጠቢና አቆይለት። ትንሿን ግን ያንቃታል፤ ለሷ ቀቅለሽ።» ከረሜላው ቢቀር ጥሩ፣ ካልሆነም ከምሳ ጋር እንጂ ማታ እንዳይሆን ተስማሙ።

ጥርሱን ነቀልንለት። ሌሎቹ ሦስት መንጋጋዎች መበላት ገና የጀመሩ ስለነበሩ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍንለት፤ ሄዶ ተሞሉለት። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ መተኛቱን እንዳቆመ መምህርቷ ነገረችን።

ቤት ውስጥ ቦርሽ ማለቱ ብቻ እንደማያዋጣ ግን በዚያው ምርመራ አይተናል። ብዙ ቤት ብሩሹ አንድ ነው፤ ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ የጥርስ ሳሙናው ሲያልቅ ቶሎ አይገዛም። ስለዚህ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረን ብሩሹን ምገባው ወዳለበት አመጣነው። ልጆቹ ምሳ በልተው ለመውጣት ይሰለፋሉ፤ እዚያው ሰልፍ ላይ ይቦርሻሉ። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ብሩሽና በሃይላንድ የያዘው ውሃ አለው። ሳሙናው ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን፣ ያለው መሆን አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ቦርሸው አረፋውን ይተፋሉ፣ አፋቸውን ግን ወዲያው አይጉመጠመጡም፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ እንዲቆይ። ፊሊፒንስ ውስጥ በርካታ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በየቀኑ በቡድን ያስቦርሻሉ። ቧንቧና ሕንፃ ሳይጠብቁ የጀመሩም አሉ። እኛም ከዚያ ነው ድፍረት ያገኘነው።

መፋቂያ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። አንከለክልም። ኋላ ያሉት መንጋጋዎች ጋ እንዴት እንደሚደርስ እናሳያቸዋለን፤ ብሩሹም አብሮ ይቀጥላል።

ከዚያው ሰልፍ ላይ ደግሞ ከመተሐራ የመጣች ልጅ አገኘን። ጥርሷ ቡናማ ነው። ልጆቹ «አትቦርሺም» እያሉ ስለሚስቁባት አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምታወራው። ያ ቀለም ከቆሻሻ አይደለም። መተሐራ ባለችበት በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይዱ ከመጠን በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ይለውጠዋል። ስትቦርሽ ብትውል አይለቅም። ሲስተር ይህንን ክፍሉ ፊት ቆመው አስረዱ። መሳቁ ቆመ።

አሁን የሚያሳስበን ክረምቱ ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሰልፉ ይበተናል፣ ከረሜላው ግን ጉሊት አጠገብ እንዳለ ነው። በዚህ ዓመት ካርድ ለመውሰድ ለሚመጡ ወላጆች ብሩሹንና ሳሙናውን በእጃቸው ለመስጠት፣ የስድስት ዓመቱን መንጋጋም እዚያው የልጃቸው አፍ ውስጥ ለማሳየት አስበናል። ሳሙናውን የሚገዛልን እየፈለግን ነው።