11 ሰከንድ

በትምህርት ቤታችን የልምምድ ክፍል ውስጥ ያለው የልብና የሳንባ ማሽን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከሚሠራበት ማሽን ምንም አይለይም፤ ልዩነቱ በቱቦዎቹ ጫፍ ሰው ሳይሆን ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ከረጢት መኖሩ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ እዚያ ማሽን ፊት ተቀምጬ ሳለሁ፣ መምህሬ ደምን ከሕመምተኛው ወደ ማሽኑ የሚያመጣውን ቱቦ ምንም ሳይናገር በመቆንጠጫ ዘጋው። የማስጠንቀቂያውን ድምፅ አስቀድሞ አጥፍቶት ነበር። እኔ በዚያች ቅጽበት የደም ግፊቱን ቁጥር እያየሁ ነበር። ፓምፑ በደቂቃ 4.3 ሊትር ይገፋል፤ በማጠራቀሚያው ውስጥ የነበረው ደግሞ 800 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ሲሰላ፣ ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ፓምፑ አየር መግፋት እስኪጀምር የነበረኝ ጊዜ 11 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ዓይኔን ከግፊቱ ላይ ሳነሣ ፈሳሹ አልቋል። እውነተኛ ሰው ቢሆን ኖሮ አየሩ ወደ አንጎሉ ይሄድ ነበር። መምህሬ አልተቆጣኝም፤ ቱቦውን ከፍቶ እንደገና እንድጀምር አዘዘኝ፤ በዚያን ዕለት 14 ጊዜ ደጋገምነው።

እናቴ ከደሴ ደውላ ምን እንደምማር በጠየቀችኝ ጊዜ፣ ለቀዶ ሕክምናው ልብ እንዲቆም እንደሚደረግና በዚያ ጊዜ ደሙን የሚያዞረውን ማሽን የሚያሠራ ባለሙያ ፐርፊውዥኒስት እንደሚባል ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ታዲያ ልጄ፣ ልቡ ከቆመ ሰውየው በምን ይቆያል?» አለችኝ። ትምህርታችን በሙሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ማለት ይቻላል። ደሙ ወደ ቀኝ ልብ ከመግባቱ በፊት በቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል፤ ከዚያ ፓምፑ ኦክሲጅኔተር ወደሚባለው ክፍል ይገፋዋል፤ በዚያ እንደ ፀጉር በቀጠኑና ውስጣቸው ክፍት በሆነ ክሮች አጠገብ ሲያልፍ ኦክሲጅን ይቀበላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ከተጣራም በኋላ ከልብ ወደሚወጣው ዋና የደም ሥር፣ ወደ አዎርታ፣ ይመለሳል። ልብ ራሱ ደግሞ አዎርታው ከተቆነጠጠ በኋላ ካርዲዮፕሌጂያ በሚባል፣ ፖታሲየም በበዛበትና ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ በሆነ ፈሳሽ እንዲያርፍ ይደረጋል። በዚህ መንገድ ሐኪሙ ደም በሌለበትና በማይንቀሳቀስ ልብ ላይ መሥራት ይችላል።

ይህን ሐሳብ ከፍጻሜ ያደረሰው ጆን ጊበን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ሴት በሳንባዋ የደም ሥር ውስጥ በገባ የረጋ ደም ስትሰቃይ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ሆኖ ከተመለከተ ጀምሮ፣ ከባለቤቱ ከሜሪ ጋር ከ20 ዓመት በላይ ሲደክም ኖረ፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1953 በፊላደልፊያ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብና ሳንባ ያደርጉት የነበረውን ሥራ ማሽኑ ለ26 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ተክቶ ሠራ። ከማሽኑ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ሜሪ ጊበን ትዝ ትለኛለች፤ በቤተ ሙከራው ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት አብራው የሠራች እርሷ ነበረች።

ከሒሳቡ ይልቅ የከበደኝ መናገር ነው። ደም ከፕላስቲክ ጋር ሲገናኝ ይረጋል፤ ስለዚህ ማሽኑ ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ሄፓሪን የሚባል፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ በኪሎ 400 ዩኒት ሲሰላ፣ 28,000 ዩኒት ማለት ነው። ከዚያ ደሙ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ ይለካል፤ በብዙ ሆስፒታሎች ቁጥሩ 480 ሰከንድ ሳይደርስ ማሽኑ አይጀመርም። በሆስፒታል ልምምዴ በሦስተኛው ሳምንት ቀዶ ሐኪሙ እንድጀምር ሲያዘኝ በእጄ የነበረው ውጤት 412 ነበር። አልደረሰም ብዬ ተናገርኩ፤ ነገር ግን ከአፌ የወጣው ድምፅ ከጎኔ ለቆመችው አሠልጣኜ እንኳ በቅጡ የሚሰማ አልነበረም። እኔ በታላላቆች ፊት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ካልተጠየቅኩ ሳልናገር ያደግኩ ነኝ፤ ይህም መልካም አስተዳደግ እንደሆነ ዛሬም አምናለሁ። በዚያ ክፍል ግን ድምፅን ዝቅ ማድረግ ሰው ሊገድል ይችላል። አሠልጣኜ «412 ነው፤ አንጀምርም» ብላ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ተናገረች። ሄፓሪን ተጨመረ፤ ውጤቱ 530 ሆነ፤ ያን ጊዜ ጀመርን። ቀዶ ሐኪሙም ቅር እንዳላለው፣ እንዲያውም የጠበቀው ይህንኑ እንደሆነ የገባኝ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ትእዛዝ ጮክ ብዬ ደግሜ እናገራለሁ፤ ቁጥሮቹንም ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ሕፃናት ሲሆኑ ሁሉም ነገር ይጠብባል። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም በሙሉ ሩብ ሊትር ያህል ነው፤ ለአዋቂ የተዘጋጀ ማሽን ቱቦዎቹን ለመሙላት ብቻ ከዚያ ብዙ እጥፍ ፈሳሽ ይጠይቃል። ስለዚህ ቱቦው ያጥራል፣ ይቀጥናል፣ ማሽኑም በተለገሰ ደም ይሞላል።

በአሜሪካ አንድ ተማሪ የፐርፊውዥኒስቶችን ብቃት ለሚያረጋግጠው ቦርድ ፈተና ለመቀመጥ በሥልጠናው ጊዜ ቢያንስ 75 ቀዶ ሕክምና ላይ ማሽኑን ማሠራት አለበት፤ ፈተናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ካለፈም በኋላ የምስክር ወረቀቱን ለማቆየት በየዓመቱ 40 መሥራት ይጠበቅበታል። እኔ 31 ላይ ነኝ።

ወደዚህ ሙያ ያመጣችኝ ግን አብራኝ የተማረች የሰፈራችን ልጅ ናት። በልጅነቷ ቶንሲል እየተባለ በቤት ውስጥ የታለፈው የጉሮሮ ሕመም የልቧን ቫልቭ ጎድቶት ነበር፤ በወቅቱ በፔኒሲሊን ቢታከም ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ወደተቋቋመው የልብ ሕሙማን ማዕከል ተልካ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ያጣችው ሐኪም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ማዕከሉ ለዓመታት የሠራው ከውጭ በሚመጡ ቡድኖች እየታገዘ ሲሆን፣ ከሐኪሞቹ ጋር ማሽኑን የሚያሠራ ሰው ካልመጣ የተከፈተ ልብ ቀዶ ሕክምና እንደማይኖር ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እርሷ ወረፋው ሳይደርሳት አረፈች።

የነገው ሕመምተኛ በግራ ልቡ ያለው፣ ሚትራል የሚባለው ቫልቭ የጠበበበት፣ የ44 ዓመት ሰው ነው። የሰውነቱ የቆዳ ስፋት 1.8 ካሬ ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በደቂቃ በሚታሰበው 2.4 ሊትር ሲባዛ በደቂቃ 4.3 ሊትር ይሆናል፤ ልክ እንደዚያ ቀን። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠርቼ በወረቀት ይዣለሁ። ማሽኑን ለመሙላትና አየሩን ከቱቦዎቹ ለማስወጣት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እዚያ መድረስ አለብኝ።