ግማሽ ሻማ

ማታ ስገባ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። «አሁንስ በዛ!» እያልኩ በስልኬ ብርሃን መሳቢያውን በረበርኩ። ግማሽ ሻማ ተገኘች። ሰሟን ስኒ ማስቀመጫ ላይ ጠብ ጠብ አድርጌ አቆምኳት። ሰሞኑን እንደሆነ ታውቁኛላችሁ፣ ሁሉ ነገር ሰልችቶኛል። እራትም አላሰኘኝ።

ሻማ ሳይ የሚመጡብኝ አንዲት ሴትዮ አሉ። ኢኔስ ፋንቾቪች፣ የሳራዬቮዋ (የቦስኒያ ዋና ከተማ) ተዋናይ። በመድረክም በፊልምም ሠርተዋል፤ እኔን የያዘኝ ግን አንድ ሚናቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ከተማዋ በጦርነት እንደተከበበች ደራሲዋ ሱዛን ሶንታግ ከአሜሪካ ሄዳ የሳሙኤል ቤኬትን ተውኔት «ጎዶትን በመጠበቅ»ን አዘጋጀች። ሁለት ምስኪኖች ጎዶት የሚባል፣ የማይመጣ ሰው ሲጠብቁ የሚያሳይ ነው። ኤሌክትሪክ ስለሌለ መድረኩ ላይ የሚበራው ሻማ ነበር። በልምምድ ሰዓት ተዋንያኑ ትንሽ ፋታ ካገኙ ወለሉ ላይ ጋደም ይላሉ። ርቧቸው ነዋ! ውኃ ሲሸከሙ ውለው የመጡም አሉ።

ፋንቾቪች ያኔ 68 ዓመታቸው ነው፤ ከቡድኑ በዕድሜ ትልቋ። ከበባው ከጀመረ ወዲህ ከ25 ኪሎ በላይ ቀንሰዋል። የደረሳቸው ሚና ደግሞ የማን መሰላችሁ? የፖዞ! ሰው በገመድ አስሮ የሚነዳው ጌታ፣ ዶሮውን ግጦ አጥንቱን የሚወረውረው። ከሁለቱ ጠባቂዎች አንዱ አጥንቱን ስጠኝ ብሎ ይለምነዋል። የሚለምነውም ተዋናይ ርቦታል፣ የሚያየውም ሕዝብ ርቦታል።

እዚህ ጋ ስደርስ አላልፍም። በዚያ ሆድ የጠገበ ሰው መስሎ መንጎራደድ እንዴት ይቻላል? እኔ ምሳ ያለፈኝ ቀን ሰላምታ እንኳን በወጉ አልመልስም።

የታየው ደግሞ ገቢር አንድ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ልጅ መጥቶ ጎዶት ዛሬ አይመጣም፣ ነገ ነው ይላል። አዳራሹ ጭጭ። ከውጭ ተኩስ ይሰማል። አለቀ። ሁለተኛው ገቢር ምን ያደርጋል? ከተማዋ ራሷ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ተከባ ቆይታለች። ሴትየዋ ግን ያንን ሁሉ አልፈው እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ኖሩ።

ሻማዋ ልትጠፋ ስትል በመስኮት ወጣ ብዬ አየሁ። የጎረቤት መብራት ቦግ ብሏል። የማዶውም። የበር ጠባቂው ቤት ሳይቀር።

ለካ የቆጣሪዬ ካርድ ነው ያለቀው።

ታላቄ «ሳያልቅ ሙላ» ብላ ሦስቴ ደውላልኝ ነበር። ነገ ስትደውል ምን ልበላት? ጎዶትን እየጠበቅኩ ነበር?