ሙሴው ካልመጣ ማን ይጠራናል?

የኮሌጃችን ቦርድ አሥራ አራት ወር ሙሉ አልተሰበሰበም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ኮሌጁን ያቋቋመውን ደንብ ገለጥኩና አንቀጿን አገኘኋት። «ቦርዱ በሰብሳቢው ጥሪ ይሰበሰባል» ትላለች። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ማኪያቶዬ እየቀዘቀዘ፣ ቶሎ ጨርሼ ወደ ቤቴ ልሂድ ብዬ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጎንደር ውስጥ የአንድ ማሠልጠኛ ማዕከል መምህር ነበርኩ። ሙያዬ እንጨት ሥራ ነው። ማዕከሉ ግንበኝነት፣ አናጺነትና ብረታ ብረት ያስተምራል። ስሙን አልጠራም፤ ታሪኩ የእኔ ስህተት እንጂ የሱ ገበና አይደለም። በ2003 ዓ.ም «ማዕከሉ ወደ ኮሌጅ ይደግ» ተባለ። እልል አልን። ኮሌጅ መሆን ግን ታፔላ መቀየር አይደለም። በሕግ መቋቋም አለበት። ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልገዋል፤ በስሙ እንዲዋዋል፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ የራሱ በጀትና ማኅተም እንዲኖረው። ረቂቁን የሚያዘጋጅ አምስት ሰው ያለው ኮሚቴ ተመረጠ። ጸሐፊ ማን ይሁን ሲባል አንዱ ባልደረባዬ «መምህር የእጅ ጽሑፉ ያምራል» አለ። ሕግ አርቃቂ የሆንኩት እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ «አዋጅ ይሁን ወይስ ደንብ» የሚል ነበር። እኛ የፈለግነው አዋጅ ነው። ይከብዳላ! አዋጅ ሲባል ነጋሪት የሚጎሰም ነው የሚመስለው። ረቂቁን ይዤ ባሕር ዳር ስሄድ ያገኘኋት ወጣት የሕግ ባለሙያ ግን አስቀምጣ አስተማረችኝ። አዋጅ የሚያወጣው ሕዝብ የመረጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው መስተዳድር ምክር ቤቱ፣ ማለትም የክልሉ ካቢኔ ነው፤ ያውም በሕግ ሥልጣን በተሰጠው ልክ። መመሪያ ከደንብ በታች ነው፣ ቢሮ ያወጣዋል። ከሁሉም በታች ኮሌጁ ራሱ የሚያወጣው የውስጥ መተዳደሪያ አለ። የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎችም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው የሚቋቋሙት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሆነ ነገረችኝ። የጋራው ማዕቀፍ ግን አዋጅ ነው። ያኔ ለከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ነበር፣ አሁን በ1152/2011 ተተክቷል። እኛን የሚመለከተው የቴክኒክና ሙያው አዋጅ ደግሞ 391/1996 ነበር።

«ጋሼ፣ አዋጅ ይሁን ካላችሁ የምክር ቤቱን ጉባኤ ትጠብቃላችሁ» አለችኝ። «ነገ አንዲት ቃል ለማስተካከል ደግሞ እንደገና ጉባኤ ትጠብቃላችሁ። መሳሳታችሁ አይቀርም።»

«መሳሳታችሁ አይቀርም» ማለቷ ትንሽ ከነከነኝ። ልጄ ብትሆን እቆጣት ነበር። ግን ደንብ ይሁን ብለን ተስማማን። ኋላ ላይ ያተረፈን ይኸው ነው።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ረቂቁን «ቻርተራችን» ነበር የሚሉት። የወጣትነት ዘመናቸው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በቻርተር ነበር። ያኔ ቻርተር ከዙፋን የሚወርድ ስጦታ ነው። የኛው ከካቢኔ ነው የሚመጣው፣ ያውም አሥር ጊዜ ከተመላለስን በኋላ። እሳቸው ግን ቃሉን አልለቁም። እኛም ደስ እንዲላቸው ቻርተር አልነው።

ከዚያ ስም መጣ። ጎንደር ላይ ስም ማውጣት ቀልድ አይደለም። አንዱ «ፋሲል» ይላል፣ ሌላው «ከተማው ውስጥ ፋሲል ያልተባለ ምን ቀረ?» ይላል። ሴት መምህራኑ «ምንትዋብ» አሉ፤ ቁስቋምን ያሠሩ እቴጌ እያሉ ስለ ግንባታ ኮሌጅ ሌላ ስም መፈለግ ምን ይሉታል ብለው። እውነታቸውን ነው። ቴዎድሮስ የሚሉም ነበሩ። ሁለት ወር ተከራከርን። ሁለት ወር! በመጨረሻ ከላይ «የከተማውንና የሙያውን ስም ብቻ ጻፉ» ተባለ፣ ጻፍን፣ አለቀ። የቦርዱን ምዕራፍ የጨረስነው በግማሽ ቀን ነው። ይህን ንጽጽር ያየሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

የዓላማው አንቀጽ ላይ ግን አንድ ነገር በደንብ ሠራን እላለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ፣ ብቁ፣ ተወዳዳሪና ሁለንተናዊ ስብእና ያለው ዜጋ ማፍራት» ይል ነበር። የትኛውም ኮሌጅ ላይ ብትለጥፈው የሚሆን። እኚሁ ጡረተኛ መምህር ናቸው ያስቆሙን። «እዚሁ ደጃችሁ ያለውን አታዩም?» አሉን። የሕዝብ ጤና ኮሌጁን ማለታቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ እገዛ ጋር የተመሠረተውን፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነውን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝቡን ፈጅቶት ነበር። ኮሌጁ ሲከፈት ሥራው ግልጽ ነበር። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ አብሮ አሠልጥኖ በቡድን ገጠር መላክ። ያ ተቋም በዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፣ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ራሱ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስሙ ስንቴ ተቀየረ! ለምን እንደተከፈተ ግን የጎንደር ሽማግሌ ሁሉ ይነግርሃል።

ስለዚህ አጠርነው። «በድንጋይ፣ በኖራ፣ በእንጨትና በብረት መገንባትና መጠገን የሚችል ባለሙያ ማሠልጠን።» ኖራ የምትለዋ ቃል እንዳትወጣ ታግያለሁ። ግንቦቹ የቆሙት በኖራ ነው፣ በሲሚንቶ ሲጠገኑ ምን እንደሚሆኑ ያየ ያውቀዋል። በኋላ የኖራ ሥራ ሥልጠና «ገበያ የለውም፣ ይዘጋ» ሲባል ያቺን ቃል ነው ያሳየነው። አልተዘጋም።

ረቂቁ ሲያልቅ ሕዝብ ይወያይበት ተባለና አዳራሽ ሞላ። መምህራን፣ ወላጆች፣ ኮንትራክተሮች። ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት ግንበኛ እጃቸውን አወጡ። ጣቶቻቸው በኖራ የተበሉ ናቸው። ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልጄ፣ ያነበብከው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። በኛ ማኅበር ሙሴው፣ መሪያችን፣ ቢታመም ምክትሉ ይጠራናል። እሱም ከሌለ ተረኛው ይጠራል። ጠላው ተጠምቆ አይቀርማ። እዚህ ሙሴው ካልመጣ ማን ነው የሚጠራችሁ?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «አባባ፣ ይሄ ማኅበር አይደለም፣ መንግሥት ነው። ሰብሳቢው የቢሮ ኃላፊ ናቸው፣ ሁልጊዜ አሉ» አልኳቸው። ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

ደንቡ በ2005 ዓ.ም ወጣ። በክልሉ የሕግ ጋዜጣ በዝክረ ሕግ ታትሞ ሲመጣ አማርኛው በአንድ በኩል፣ እንግሊዝኛው በሌላ በኩል፣ እንደ ትልቅ ነገር አቅፌው ከባሕር ዳር ተመለስኩ። ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራንዝን ሳልፍ ከጉልበቴ አላወረድኩትም። አዘዞ ስንደርስ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «የቤት ካርታ ነው?» አለኝ።

ካርታ ካነሳን አይቀር፣ ማንም የማያነባት የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ብዙ አድናናለች። «የማዕከሉ መብትና ግዴታ በዚህ ደንብ ለኮሌጁ ተላልፏል» የምትል አንድ መስመር ናት። የግቢው ይዞታ ማረጋገጫ በድሮው ስም ነበር። የሠራተኛው የአገልግሎት ዘመንም፣ የቆጣሪው ውልም እንዲሁ። እያንዳንዱ መስኮት ላይ «እናንተ እነማን ናችሁ?» ሲሉን ያቺን መስመር በእስክሪብቶ አስምረን እናሳያለን። እሷ ባትኖር ሃያ ዓመት የሠራ ጥበቃ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ይቆጠር ነበር።

ገንዘቡ ላይ ግን ተሸወድን። ወርክሾፓችን በርና መስኮት፣ የትምህርት ቤት ዴስክ እየሠራ ይሸጣል። ደንቡ ላይ «ኮሌጁ የውስጥ ገቢውን ሊጠቀም ይችላል» ብለን ጻፍን። «ይችላል» የምትል ቃል ሕግ ውስጥ ስትገባ ምን ያህል ልፍስፍስ እንደሆነች ያኔ አላወቅሁም። በማን ፈቃድ? ከየትኛው ሒሳብ? ዓመቱ ሲያልቅ ያልዋለው ለማን ይሆናል? ምንም አላልንም። ሰኔ 30 መጣና የዴስኩ ብር ከበጀት ተራፊ ጋር አብሮ ገቢ ተደረገ። ጣውላ ልንገዛበት ያሰብነው ነው። የፋይናንስ ሰዎቹን መውቀስ አልችልም፣ ሕጉን አንብበው የሠሩት ነው። «ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጣል፣ በቦርዱ በጸደቀ ዕቅድ መሠረት ለኮሌጁ ሥራ ይውላል፣ ያልዋለው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል» ብንል ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። አንድ መስመር ተኩል።

አሁን ወደ አሥራ አራቱ ወር።

ደንቡ ላይ ሰብሳቢውን በቢሮ ስም ነበር የጻፍነው፣ «የእንትን ቢሮ ኃላፊ» ብለን። የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ተቀየረና ያ ቢሮ ለሁለት ተከፈለ። ስሙም ጠፋ። ሰብሳቢያችን ማን ነው? አንደኛው መሥሪያ ቤት «ወደነሱ ነው የሄደው» ይላል። ሌላው «ደብዳቤ አልደረሰንም» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ቦርዱ ደግሞ የሚሰበሰበው በሰብሳቢው ጥሪ ብቻ ነው። ምክትል የለም። አባላት ራሳቸው ይጠሩ የሚል የለም። ሰባት አባላት አሉን፣ ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ነው ብለን በጥንቃቄ ጽፈናል። ድምፅ እኩል ቢከፈል ሰብሳቢው ወሳኝ ድምፅ አለው ብለናል። ዲኑ ያለ ድምፅ ጸሐፊ ነው ብለናል። ሁሉን አስበናል። እንዴት እንደሚገናኙ ብቻ አላሰብንም።

ዲኑ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ዲን የሚሾመው በቦርዱ አቅራቢነት ነው። ቦርድ የለም። ስለዚህ ተጠባባቂ ዲን ሆነ፣ ያውም እኔ። ተጠባባቂ መሆን ምን እንደሚመስል ለማያውቅ፦ ለሁሉም ተጠያቂ ነህ፣ ምንም መወሰን አትችልም። በዚያው ወር የመላጊያ ማሽናችን ተቃጠለ። መቶ ሃያ ሠልጣኝ በእጅ መላጊያ ይጋፋል። ፕሮፎርማ ሰበሰብን፣ ዋጋው ከዲን ሥልጣን በላይ ሆነ፣ ቦርድ ማጽደቅ አለበት። ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። በየጠዋቱ አየዋለሁ።

አንድ እሑድ ሰፈር ውስጥ እድር ላይ ተቀምጬ ነው የነቃሁት። ዳኛው ለቅሶ ሄዷል። ጸሐፊው ተነሳና «ዳኛው ስለሌለ በመተዳደሪያችን መሠረት ምክትሉ ይመራል» አለ። በእጅ የተጻፈች፣ ዳሯ የተበላች ደብተር ናት መተዳደሪያቸው። ስሰማ አዛውንቱ ትዝ አሉኝ። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ።

በማግስቱ ማሻሻያ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ነው። ሰብሳቢው በቢሮ ስም ሳይሆን በሥራው ተገለጸ፣ «ዘርፉን በበላይነት የሚመራው አካል ኃላፊ» ተብሎ፤ ስሙ ቢቀየር ሥራው አይጠፋም። ምክትል ሰብሳቢ አባላቱ ከመካከላቸው ይመርጣሉ። ቦርዱ በየሦስት ወሩ ይሰበሰባል። ጥሪ ካልተደረገ አንድ ሦስተኛው አባላት በጽሑፍ ሲጠይቁ ጸሐፊው ይጠራል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ የቀረ አባል ይተካል። ዲኑ እንዴት እንደሚሾም ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚነሳም ተጻፈ፣ ያንንም ረስተነው ነበር። ከኮሌጁ ውጭ ላሉ የሙያው ሰዎች አንድ ወንበር ጨመርን፣ አንዱን ከሠራተኛው ቀንሰን። እሱ ላይ የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ረቂቁን ለዚያችው የሕግ ባለሙያ ወሰድኩላት። አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች። «መሳሳታችሁ አይቀርም» ያለችውን የምትደግመው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «ቡና ልጋብዝዎት ጋሼ» ነው ያለችኝ። ደንብ በመሆኑ በስምንት ወር ተሻሻለ። አዋጅ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እስካሁን እየጠበቅን ነው።

በቅርቡ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ ስለመሆናቸው ወሬው ሲበዛ፣ አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ከገባበት ወዲህ፣ ወጣት መምህራን እየመጡ «ነፃነታችንን እንዴት እናስጽፍ?» ይሉኛል። የእድራቸውን ደብተር ይዘው እንዲመጡ ነው የምነግራቸው። የምቀልድ ይመስላቸዋል።

ከማሻሻያው በኋላ የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን ሰብሳቢው ባሕር ዳር ድንገተኛ ሥራ ያዛቸው። ስድስት ሰው ነን። ምክትል ሰብሳቢው ኮታቸውን አስተካክለው ወንበራቸውን ሳቡ። እሳቸውም በሙያው ሰዎች ወንበር የመጡት አዛውንቱ ግንበኛ ናቸው።

«ሙሴው አልመጣም» አሉ፣ ወደ እኔ እያዩ። «እንጀምራ።»

የመጀመሪያው አጀንዳ የመላጊያው ማሽን ነበር። በአሥር ደቂቃ ጸደቀ። ፋይሉን ይዤ በሩጫ ወደ ሻጩ ሄድኩ። ፕሮፎርማውን ተቀብሎ ቀኑን አየና ሳቀ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ይሄ እኮ የካቻምና ዋጋ ነው።»