የድርጅታችን ኮምፒውተርና አካውንት በማን እጅ ነው?

በአዲስ አበባ ለትናንሽ ድርጅቶች የኮምፒውተርና የኔትወርክ ጥገና ስሠራ፣ የደኅንነትን ጉዳይ ባነሳሁ ቁጥር ከባለቤቶቹ የምሰማው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «እኛ ባንክ አይደለንም፤ ማን ምን ፈልጎ ይመጣብናል?» መልሱ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ጥቃቱ እንዴት እንደሚደርስ አያገናዝብም። በትንሽ ድርጅት ላይ የሚደርስ ጥቃት ብዙውን ጊዜ የድርጅቱን ስም አውቆ የሚመጣ አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ ክፍተት ያለበትን ማሽን ሲፈልግ የሚውል ፕሮግራም ያገኘውን ሁሉ ይመታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሥራ ያስፈታው ሆስፒታል መሆናቸውን አውቆ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚዘጋውን ማሻሻያ ያወጣው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ስለነበር፣ ቫይረሱ ያገኛቸው ማሻሻያውን ያልጫኑትን ነው።

በእኔ እይታ የትንሽ ድርጅት ትልቁ ድክመት የመሣሪያ እጥረት ሳይሆን፣ የትኛው አካውንት በማን እጅ እንዳለ ለይቶ አለማወቅ ነው። የቴሌግራም ቻናሉ የተከፈተው በሽያጭ ሠራተኛዋ የግል ስልክ ቁጥር ነው፤ የፌስቡክ ገጹን ያቋቋመው ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ልጅ ነው፤ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ከባለቤቱ እስከ ተላላኪው ሁሉም ያውቀዋል። ሰዎቹ እርስ በርስ መተማመናቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃሉን ያስገባው ማን እንደሆነ አይለይም። በቴሌግራም የሚፈጸመው ዘረፋ ይህንኑ ያሳያል። አካውንቱ አስቀድሞ ከተያዘበት ከአንድ የታወቀ ደንበኛ ስም «በስህተት ኮድ አንቺ ጋ ተልኮብኛል፣ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ የሽያጭ ሠራተኛዋም ወደ አካውንቷ መግቢያ የሆነውን ባለአምስት አኃዝ ቁጥር ትልካለች፤ ከዚያ በኋላ ቻናሉም ደንበኞቹም በሌላ ሰው እጅ ይገባሉ። ቴሌግራም ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማብራት የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህ ሲደረግ ኮዱ ብቻውን አካውንቱን አይከፍትም። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ቻናሉን በድርጅቱ ስም ወደወጣ ሲም ካርድ ማዛወር ለምን እንደሚከብደው እስካሁን አልገባኝም።

አስመጪዎችን በተመለከተ ከሁሉ በላይ የምሰጋው ለኢሜይላቸው ነው። የይለፍ ቃሉን ያገኘ ሌባ ወዲያውኑ ምንም አይነካም፤ ከአቅራቢው ጋር የሚደረገውን ደብዳቤ ለሳምንታት እያነበበ ይቆያል፣ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ቅጂው እንዲደርሰው በኢሜይሉ ቅንብር ውስጥ ማስተላለፊያ ትእዛዝ ያስቀምጣል። ክፍያ ሊፈጸም ሲቃረብ ከአቅራቢው የመጣ የሚመስል፣ ማኅተሙም ፊርማውም የተሟላ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ይልካል፤ የተለወጠው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው። የላኪው አድራሻ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው። የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ያን ያህል ተጠብቆ፣ ገንዘቡ ወደማይታወቅ ሒሳብ ከተላለፈ በኋላ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። የሚያድነው ርምጃ ግን ምንም ወጪ የለውም፦ የባንክ ሒሳብ ተለወጠ የሚል መልእክት ሲመጣ፣ በመልእክቱ ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ከዚህ በፊት በሚታወቀው ቁጥር ደውሎ ከሰውየው ጋር መነጋገር። በሱቅ ደረጃም ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ካሸሩ ደንበኛ የሚያሳየውን የክፍያ ስክሪንሾት ማመን የለበትም፤ ገንዘቡ መግባቱን ከድርጅቱ ከራሱ ሒሳብ ላይ ማየት ይኖርበታል።

የዋይፋይ ራውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን የይለፍ ቃል እንደያዘ መቆየቱ፣ እንግዶችም ከሒሳብ ክፍሉ ጋር በአንድ ኔትወርክ መጠቀማቸው በየቢሮው የማየው ነው፤ ሁለቱም በአንድ ከሰዓት የሚስተካከሉ ናቸው።

የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ግን ረዘም ያለ ትኩረት ይፈልጋል። የድርጅቱ የዓመታት ሒሳብ ሁሉ ያለው ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ የቆየው የፒችትሪ ቅጂ እንዳይበላሽ ተብሎም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ድጋፉን ያቆመለት ዊንዶውስ 7 እስከ ዛሬ ሳይነካ ተቀምጧል። በሌሎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ዊንዶውሱም ኦፊሱም የተከፈቱት በክራክ፣ ማለትም ፈቃድ ሳይገዛ ሶፍትዌር በሚከፍት ፕሮግራም ነው። ክራኩ እንዲሠራ አንቲቫይረሱ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ የሚያበራው የለም። ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) በዋናነት የሚሰራጨው በእንዲህ ዓይነት ክራኮችና አክቲቬተሮች ውስጥ ተደብቆ ነው። ፋይሎቹን ሁሉ ከቆለፈ በኋላ የሚተወው ማስታወሻ ለዓመታት 980 ዶላር ሲጠይቅ ቆይቷል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተገናኘው ግማሹን እንደሚቀንስም ይገልጽ ነበር። ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር በዶላር የሚሸጥ በመሆኑ ከአገር ውስጥ መግዛት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ባለቤቶቹንም በዚህ አልወቅስም። የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፦ ብዙ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ሕጋዊ የዊንዶውስ ፈቃድ በውስጣቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ፎርማት የሚያደርገው ባለሙያ ግን የተለየ ዓይነት ዊንዶውስ በላዩ ጭኖ በክራክ ይከፍተዋል። ያንኑ ዓይነት ቢጭን ኖሮ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱን በራሱ ያረጋግጥ ነበር፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው መከላከያም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተር ለጥገና ሲሰጥ፣ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ምን ፈቃድ እንዳለው እንዲታይ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው።

የሒሳቡ ፋይል ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ተደርጎለታል ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ የማገኘው፣ ባክአፑ እዚያው ኮምፒውተር ሌላ ድራይቭ ላይ ወይም ከኮምፒውተሩ ፈጽሞ በማይነቀል ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ነው። ራንሰምዌር ሲገባ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋል፤ ሌባም ኮምፒውተሩን ሲወስድ ዲስኩን አይተውም። ለደንበኞቼ የማዘጋጀው ሁለት ዲስክ ነው፤ አንዱ ቢሮ ሲሠራበት ሌላው ባለቤቱ ቤት ይቀመጣል፣ በየሳምንቱ ዓርብ ይቀያየራሉ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከቤት የመጣውን ባክአፕ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳ ጭና ያለፈውን ወር ትሪያል ባላንስ (የሒሳቦች ማመዛዘኛ ዝርዝር) ከታተመው ወረቀት ጋር ታመሳክራለች፤ ቁጥሮቹ ካልገጠሙ ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ምክንያቱ ይፈለጋል።